ቀጠሮ የሚሰጠው ውኃው ነው

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በባሕር ጠረፍ ጨዋማ ውኃና ጭቃ ውስጥ የሚበቅለውን የማንግሮቭ ደን ጥብቅ ክልል ለማየት ረጅም መንገድ ተጓዝኩ። ስንደርስ የባሕሩ ውኃ የዛፎቹን ሥር ሁሉ ሸፍኖት ነበር፤ ከሁለት ወፎች በስተቀር አንድም እንስሳ ሳላይ ተመለስኩ። ዘንድሮ የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ልሄድ ነው። እሱም እንደ እኔ አዝኖ እንዳይመለስ ምን ላድርግ? አዞውስ አያሰጋም?

መልስ፦ ውድ እናት፣ እንስሳቱ ነበሩ። ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ስለደረሱ አብዛኞቹ በየጉድጓዳቸው ተደብቀው ነበር። የእኔም የመጀመሪያ ጉብኝት እንዲሁ በከንቱ አልፏል። በማግስቱ ግን እዚያው የእንጨት ድልድይ ላይ ቆሜ ውኃው ሲሸሽ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጭቃው ሲገለጥ መጀመሪያ ባዶ ይመስላል። ድምፅዎን አጥፍተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። አንዱ ክንዱ ገላውን የሚያህል ወንድ ሸርጣን ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሴቲቱን ለመጥራት ያንን ክንዱን ያውለበልባል። ከአጠገቡ ዓይኖቹ አናቱ ላይ የወጡ ትንሽ ዓሣ በፊት ክንፎቹ እየተንፏቀቀ በጭቃው ላይ ይሄዳል። ይህ ዓሣ በእርጥብ ቆዳው ጭምር ስለሚተነፍስ፣ እንዳይደርቅ በየመሀሉ ኩሬ ውስጥ ይንከባለላል። ልጅዎ ይህን ካየ ከዚያ ቦታ ማንሳት ይቸግርዎታል።

በአብዛኛው የዓለም ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የሄደ ሰው የነገረዎትን ሰዓት አይመኑ። ከመነሳትዎ በፊት የጥብቅ ክልሉን ጽሕፈት ቤት ውኃው በዕለቱ የሚጎድልበትን ሰዓት ይጠይቁ፤ ከዚያም ሁለት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። በጀልባ መግባት ከፈለጉ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠባቦቹ ቦዮች የሚያሳልፉት ውኃ ሲሞላ ነው።

ከጭቃው ውስጥ እንደ እርሳስ ወደ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙትን ሥሮች ለልጅዎ ያሳዩት። ጭቃው አየር ስለሌለው ዛፉ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታም የሚመጣው ከዚሁ አየር አልባ ጭቃ እንጂ ከቆሻሻ አይደለም። አንዳንዱ ዛፍ ጨውን በቅጠሉ ያወጣል፤ ቅጠሉን ሳይቀነጥስ በጣቱ ቢዳስሰው ነጩን ብናኝ ያገኘዋል። ሌላው ደግሞ ዘሩን እናቲቱ ላይ ሳለ አብቅሎ፣ ረዥም አረንጓዴ ቡቃያ አድርጎ ይጥለዋል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ስለ አዞው መጠንቀቅዎ ተገቢ ነው። ከሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ባሉት ማንግሮቮች የጨው ውኃ አዞ ይኖራል። ልጁ ከድልድዩ አይውረድ፤ ከጀልባም እጁን ውኃ ውስጥ አይክተት። ጭቃው ውስጥ መግባት እግር ከመዋጡም በላይ መተንፈሻ ሥሮቹን ይሰብራል። በባንግላዴሽና በሕንድ ድንበር ወደሚገኘው፣ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚሰፋው ሱንደርባንስ ከሄዱ ደግሞ የቤንጋል ነብር ስላለ ያለ ጠባቂ አንድ እርምጃ አይራመዱ። ለትንኝ እጅጌው ረዥም ልብስ ይጠቅማል፤ ዝንጀሮ ባለበት ምግብ ከቦርሳ አያውጡ።

ሁለት ቀን ካለዎት ሁለተኛውን ቀን ሌላ ቦታ አይፈልጉ። እዚያው ድልድይ ላይ ውኃው ሲመለስ ይቁሙ፤ ሸርጣኖቹ የጉድጓዳቸውን አፍ በጭቃ እየደፈኑ ሲገቡ ልጅዎ ያያል።