ጉርምስና ነው ወይስ ሕመም?

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ አምሽቶ ይተኛል፣ ጠዋት አይነሳም፣ ሲናገሩት ይቆጣል። ትምህርት ቤቱ «ሐኪም ይየው» ይላል፤ እናቴ ደግሞ «ጎርምሶ ነው፣ ተዪው» ትላለች። ማንን ልስማ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ሁለቱም የሚናገሩት ከለመዱት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ እንዲከፍል የሕመም ስም ስለሚያስፈልግ የጎረምሳ ጠባይ ቶሎ ስም ይወጣለታል። እኛ ዘንድ በተቃራኒው እውነተኛ ሕመምም «ያልፍለታል» እየተባለ ይቆያል፤ ይኼኛው ይብሳል ባይ ነን።

ከእንቅልፉ ይጀምሩ። በዚህ ዕድሜ ሜላቶኒን የተባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ዘግይቶ ስለሚመነጭ ማምሸቱ ስንፍና አይደለም፤ ግን በየሌሊቱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ትምህርት ከጠዋቱ 2፡30 (በአሜሪካ አቆጣጠር 8፡30) በፊት እንዳይጀመር የመከረውም ለዚሁ ነው። ለሁለት ሳምንት የተኛበትንና የተነሳበትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ ማታ ስልኩ ሳሎን ይደር።

ብስጭቱ ወይም ሐዘኑ 2 ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ከዘለቀ፣ የሚወደው ኳስም ካስጠላው፣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ስለ ትኩረት ማነስ መድኃኒት ከተነሳ ግን ምልክቱ ከ12 ዓመቱ በፊት ነበረ ወይ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም ይታያል ወይ ብለው ይጠይቁ። ዘንድሮ የመጣ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ስለ መሞት ካወራ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ 988፣ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወደተቋቋመው የአሜሪካ የስልክ መስመር፣ ይደውሉ።