ከገበያ የገዛሁት ጦስኝ ሽታው ሌላ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ56 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ደም ግፊት ስላለብኝ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ፍሬ እወስዳለሁ። እህቴ ከባሌ የምትልክልኝን ጦስኝም በሻይ እጠጣለሁ። ሰሞኑን ሲያልቅብኝ ከገበያ ገዛሁ፤ ሽታው ግን የእህቴን አይመስልም። ሌላ ቅጠል ሸጠውልኝ ይሆን? ጎረቤቴ ደግሞ የጦስኝ ዘይት በብልቃጥ አምጥታ «ይሄ ይበልጣል፣ ጠብ አድርገሽ ጠጪው፣ ኪኒኑን ተይው» አለችኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ዘይቱን እንዳይጠጡት። ኪኒኑንም በፍጹም እንዳያቋርጡ።

ሽታውን በተመለከተ፣ ነጋዴውን ለመጠርጠር አይቸኩሉ። ጦስኝ ከጦስኝ ይለያያል። እስኪ ከሁለቱም ቁንጥር ቁንጥር ያንሱና መዳፍዎ ላይ አሽተው ያሽትቱ። ያ ሽታ የሚወጣው ቅጠሉ ላይ ካሉ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ነው። በጦስኝ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገሮች ታይሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ። ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት አተሞች ነው፤ ቁጥራቸውም እኩል ነው፤ የሚለየው አቀማመጣቸው ብቻ ነው። አንዱ ተክል ታይሞል ያበዛል፣ ሌላው ካርቫክሮል። ይህ በዘር የሚመጣ ነው። የበቀለበት ከፍታ፣ የተለቀመበት ወቅትና አደራረቁም ለውጥ ያመጣሉ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ወይም ክፍቱን የከረመ ቅጠል ዘይቱ ተንኖ ያልቃል። ለእርስዎ ቅርብ የሆነው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከልም መዓዛማና መድኃኒትነት ያላቸውን ተክሎች እያጠና የተመረጡ ዝርያዎችን የሚያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኪኒኑን ተይው ያለችዎት ጎረቤትዎ የሳተችውም እዚህ ላይ ነው። ኪኒኑ ዛሬም ነገም 5 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ቁንጥር ጦስኝ ግን ዛሬ ምን ያህል እንደያዘ እርስዎም እኔም ማወቅ አንችልም። ደም ግፊት ደግሞ ሳያምም፣ ሳይሰማ ከፍ የሚል በሽታ ነው። ኪኒን አቁመው «ደህና ነኝ» ሲሉ ቆይተው ግማሽ አካላቸው ሳይታዘዝ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ። እባክዎ!

ዘይቱ የቅጠሉ ጭማቂ እንዳይመስልዎት። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ሳይቀጠን ከተጠጣ አፍና ጨጓራ ያቃጥላል። የልጅ ልጆች ካሉም እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።

ሻይውን ግን አልከለክልዎትም። ቀጠን አድርገው በቀን አንድ ሁለት ብርጭቆ ቢጠጡ ችግር የለውም። ጨው ጣል የሚያደርጉበት ከሆነ ግን ጨውዋን ይተዉልኝ፤ ግፊት የሚጨምረው እሷ ናት። ከመቀመጫዎ ሲነሱ ካዞረዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መድከም ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ለአንድ ሳምንት ግፊትዎን ጠዋት ጠዋት እየተለኩ ቁጥሩን ይጻፉ። 140/90 እና ከዚያ በላይ እየሆነ ካስቸገረ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው ሐኪምዎ ነው። ሲሄዱ ጦስኙንም ብልቃጡንም ይዘው ይሂዱና ያሳዩት።