ሣሬን ማገጥ ወረረው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የግቢያችንን ሣር የምንከባከበው እኔ ነኝ። አጭር አድርጌ አጭደዋለሁ፤ ውኃም አላጓድልበትም። አሁን ግን ባለ ሦስት ቅጠል ማገጥ መሃል መሃሉን ይዞታል። ነጭ አበባውን ሲያወጣ ንቦች ይሰፍሩበታል። ትንሿ ልጄ ደግሞ በባዶ እግሯ ነው የምትሮጠው። ነቅዬ ነቅዬ ታከተኝ፤ ትንሽ ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ አገኘዋለሁ። ባለቤቴ «መድኃኒት ይረጭበት» ይላል። እናቴ ደግሞ «አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ምን አደረጋችሁ?» ትላለች። ማንን ልስማ?
ሣር ወዳዷ

መልስ፦ ውድ ሣር ወዳዷ፣ መድኃኒቱ ለጊዜው ይቆይ። ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ ያሉት እና አንድ ያላሉት ነገር ትኩረቴን ሳበው። «አጭር አድርጌ አጭደዋለሁ» ብለዋል። ስለ ማዳበሪያ ግን አንድም ቃል የለም። እኔ እንደምገምተው ማገጡ የገባው በእነዚህ በሁለቱ በኩል ነው።

በመጀመሪያ ማገጥ መሆኑን እናረጋግጥ። ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ይቁረጡ። የነጭ ማገጥ ቅጠሎች ክብ ወይም ሞላላ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ መሃላቸው ላይ ነጣ ያለ ቅስት ይታያል። ሦስቱም ቅጠሎች ልክ የልብ ቅርጽ ካላቸውና አበባው ቢጫ ከሆነ ግን ያ ኦክሳሊስ የሚባል ሌላ አረም ነው። የእርስዎ ነጭ አበባ ስላለውና ንብም ስለሚወደው ማገጥ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ አንዱን ከነሥሩ ይንቀሉና በውኃ ያለቅልቁት። ክር በመሰሉት ሥሮች ላይ የስፒል ራስ የሚያህሉ ትንንሽ እብጠቶች ያያሉ። አንዷን በጥፍርዎ ይሰንጥቋት። ውስጧ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከአየር ላይ ናይትሮጅን ይወስዱና ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጡለታል። ማገጡም በፋንታው ስኳር ይመግባቸዋል። ሣር ይህ ዕድል የለውም። የሚያገኘው አፈሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የአፈሩ ናይትሮጅን ሲያልቅ ሣሩ ይገረጣል፣ ይሳሳል። ማገጡ ምንም ስላልጎደለበት ሣሩ የለቀቀውን ቦታ ይይዛል። ለዚህ ነው ማገጥ የበዛበት ሣር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ ነው ያበላችሁት?» ብዬ የሆነው።

ነቅለው ያልተሳካልዎትም ስንፍና ኖሮብዎት አይደለም። የማገጥ ግንድ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ከላይ ጨብጠው ሲስቡት ይበጠሳል፤ አፈር ውስጥ የቀረችው አንጓ መልሳ ታቆጠቁጣለች። ነቀላው የሚያዋጣው ቦታው ትንሽ ሲሆን ነው። ያኔም አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ ግንዱን በጣትዎ እየተከተሉ በየአንጓው ሥር ጩቤ ወይም ቀጭን መኮትኮቻ አስገብተው ያንሱት። የተራቆተው ቦታ ላይ ያኔውኑ የሣር ዘር ይበትኑ። ባዶ ከተውት ማገጡ ይቀድምዎታል። ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት መቆየት ይችላል።

ዋናው ሥራ ሣሩን ማጠንከር ነው። የማጨጃውን ምላጭ ከፍ ያድርጉትና ሣሩን ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ይተዉት። ረዘም ያለ ሣር ማገጡን ያጠላበታል፤ ሥሩም ይጠልቃል። (የእርስዎ ሣር መሬት ለመሬት የሚሳብ ዓይነት ከሆነ ግን ከዚህ አጠር ብሎ ይታጨዳል።) በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቁረጡ። የታጨደውን እዚያው በትነው ይተዉት፤ እሱም ምግብ ነው።

ከዚያ ናይትሮጅን ይስጡት። በአንድ ዙር ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ግራም ያህል ናይትሮጅን ይበቃል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ በዩሪያ ሲሰላ 11 ግራም ገደማ ይመጣል። ግቢዎ 100 ካሬ ሜትር ከሆነ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ማለት ነው። ሣሩ በደንብ በሚያድግበት ወቅት፣ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ እኩል ይበትኑትና ወዲያው ውኃ ያጠጡት። ሳይጠጣ ከቆየ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ሣሩ በጥም በደከመበት ጊዜ ደግሞ ፈጽሞ አይስጡት። እንደ ዳፕ ያለ ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ፎስፈረስ ማገጡንም ያፋፋዋል። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ካለዎት እሱን በስሱ ማልበስ ቀስ ብሎ ይሠራል። እንዲያውም እኔ እሱን እመርጣለሁ። በአንድ ወር ለውጥ አይጠብቁ፤ ሣሩ ቦታውን መልሶ የሚይዘው ቀስ በቀስ ነው።

ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ። በሣር ላይ ለሚወጣ ሰፋፊ ቅጠል አረም የሚረጭ መድኃኒት አለ። ቱ ፎር ዲ (2,4-D) የሚባለው መድኃኒት ብቻውን ማገጥ ላይ ደካማ ነው። ዲካምባ ወይም ሜኮፕሮፕ የተቀላቀለበት የተሻለ ይሠራል። ግላይፎሴት ግን ሣሩንም ማገጡንም አብሮ ይገድላል፤ ኮምጣጤም የሁለቱንም ቅጠል ያቃጥላል። የሚረጩ ከሆነ በመያዣው ላይ የተጻፈውን መጠንና የመቆያ ጊዜ በትክክል ይከተሉ፤ አበባው ላይም አይርጩ። ክሎፒራሊድ የሚባለው የተረጨበት ሣር ታጭዶ ኮምፖስት ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ ቲማቲምና ባቄላ ሊጎዳ ይችላል። ልጅ የሚንከባለልበት ቦታ ላይ ይህን ሁሉ ጣጣ ማምጣት ለእኔ አይታየኝም። በዚያ ላይ አፈሩ እንደተራበ ከቀረ ማገጡ ተመልሶ ይመጣል።

እናትዎ ያሉት ብዙ እውነት አለው። እስከ 1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በብዙ አገሮች የሚሸጠው የሣር ዘር ራሱ ነጭ ማገጥ ይደባለቅበት ነበር። ማገጥ እንደ አረም መታየት የጀመረው በአብዛኛው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ለይቶ የሚገድለው መድኃኒት ገበያ ከወጣ በኋላ ነው። ድርቅ ሲመጣ ሣሩ ቡናማ ሲሆን ማገጡ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ቅጠሉና ሥሩ ሲበሰብስ ለሣሩ ናይትሮጅን ይተርፋል። ለንብም የታወቀ ቀለብ ነው። ድካሙ ደጋግሞ ሲረገጥ መሳሳቱና እርጥብ ሲሆን ማንሸራተቱ ነው።

እኔ ብሆን ግቢውን ለሁለት እከፍለው ነበር። ልጅዎ የምትሮጥበትን ክፍል ከላይ ባልኩት መንገድ በሣር ያጠናክሩት። እስኪጠራ ድረስ አበባው ገና እምቡጥ ሳለ ይጨዱት። አበባ ከሌለ ንብ የሚያመጣት የለም። አበባው ከቀደመዎት ንቦቹ ወደ ቀፎአቸው ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይጨዱ። በአጥሩ ሥር ያለውንና እግር የማይበዛበትን ለማገጡ ይልቀቁለት።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በተቃራኒው ማገጥ ሆን ብዬ ሣሬ መሃል መዝራት እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርግ?
የንብ ወዳጅ

መልስ፦ ደስ ብሎኛል። ሣሩን አጠር አድርገው ይጨዱና አፈሩ እስኪታይ በሬክ ይጫሩት። ለ100 ካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም ዘር ይበቃል። ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ብቻውን እኩል መበተን ይቸግራል፤ ከደረቅ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉት። በጥልቀት አይቅበሩት፤ በላዩ ላይ ሬኩን ቀለል አድርጎ ማለፍ ይበቃል። እስኪበቅል ድረስ ላዩ እንዳይደርቅ ይጠብቁት። ከዚያ በኋላ ዩሪያ አይስጡት፤ ከሰጡት ሣሩ ይፋፋና ማገጡን ይውጠዋል።