ቦረቦሩን ከመሙላትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ከአዳማ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ተዳፋት ማሳ ላይ ጤፍና በቆሎ አመርታለሁ። በበጋ ነፋሱ አፈሩን አቧራ አድርጎ ይወስደዋል፤ በሐምሌ ደግሞ ጎርፍ ያጥበዋል። ከማሳው ግርጌ የተፈጠረው ቦረቦር በየዓመቱ ወደ ውስጥ እየገባ ስለሆነ በድንጋይ ብሞላው ይበጃል?

መልስ፦ ቦረቦሩን ብቻ ቢሞሉት ጎርፉ ድንጋዩን በጎን ዞሮ ሌላ መንገድ ያወጣል። ቦረቦር የመሸርሸር መጨረሻ እንጂ መነሻ አይደለም። መነሻው ራቁቱን በቀረ መሬት ላይ የሚያርፈው የዝናብ ጠብታ ነው፤ ጠብታው የአፈሩን ጓል ሰባብሮ ያደቀዋል፣ የደቀቀውም አፈር ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ውሃው መስረጉን ትቶ በማሳው ገጽ ላይ ስስ ሆኖ ይፈሳል። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ የገጽ እጥበት ነው፤ ከ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲታጠብ 10 ሜትር ኩብ አፈር ይሄዳል፣ ይህ ግን በዓይን አይታይም። ፍሳሹ ሲሰባሰብ በማረሻ ሊደፈኑ የሚችሉ ትናንሽ ቦዮችን ያወጣል፤ ማረሻ የማይደፍናቸው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ቦረቦር ይሆናሉ።

ነፋሱም አፈሩን የሚያገኘው በዚያው በተራቆተው ገጽ ላይ ነው። በአዳማ ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን የሚያሽከረክረው ነፋስ በደረቁ ወራት ደቃቁንና ለሙን ብናኝ አንሳፎ ያርቀዋል፣ ሻካራውን ያንከባልላል፣ መካከለኛውን አሸዋ ደግሞ ያዘልለዋል። አብዛኛው አፈር የሚጓዘው በዝላይ ሲሆን፣ ዝላዩም በአብዛኛው ከመሬት ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ አይወጣም። ስለዚህ የበቆሎውን አገዳ ሲያጭዱ ጉልበት ድረስ የሚደርሰውን ግንድ እንደቆመ ቢተዉት ብቻ ብዙ አፈር ይድናል። አገዳው ለከብትና ለማገዶ እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ የላይኛውን ወስደው የታችኛውን ይተዉ።

ጤፍ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ ከደቀቀ በኋላ ብርቱው የሐምሌ ዝናብ ገና ሰብል ሳይሸፍነው ያገኘዋልና። ስለሆነም ጤፉን ለጥ ባለው ክፍል ይዝሩ፤ በተዳፋቱ ላይ በቆሎ ሲዘሩም በመስመሮቹ መካከል ቦሎቄ ያስገቡበት፣ መሬቱን ቶሎ ይሸፍንልዎታል።

ሥራውን ከላይ ይጀምሩ። ከማሳው በላይ የሚመጣ ጎርፍ ካለ በጥርና በየካቲት የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍረው፣ ሳር ወደለበሰ መፋሰሻ ይምሩት። ቀጥሎ የአፈር እርከን በውሃ ልክ እየለኩ ይሥሩ፤ ተዳፋቱ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚወርድ ከሆነ በእርከኖቹ መካከል 20 ሜትር ያህል ይተዉ፣ ጀርባቸውንም ደሾ ሳር ይትከሉበት። በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር የሚሠሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ውሃው ጎኑን እንዳይበላ የክትሩ መካከል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል፣ ከብትም እንዳይገባበት ይጠር። በመጨረሻው እርሻ በሬዎቹ ተዳፋቱን አግድም ይዘው ይሂዱ፤ ፈሰስ (ትርፍ ውሃ ከማሳው የሚወጣበት ትልም) የሚያወጡ ከሆነም ቁልቁል ወደ ቦረቦሩ አያውርዱት።