ጭላዳ ለማየት መቼ እንሂድ? ሦስት ጊዜ ሄጄ የታዘብኩት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከባለቤትሽና ከ12 ዓመት ልጅሽ ጋር ሰሜን ተራሮች ሄዳችሁ ጭላዳን በቅርብ ማየት ትፈልጋላችሁ። ልጁ ትምህርት የሚዘጋው ክረምት ላይ ነው። አንዱ «ነሐሴ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው፣ ሂዱ» ብሎሻል። ሌላው ደግሞ «ከጥር ውጪ እንዳትሞክሩት» አለሽ። «የዓመት ፈቃዴን በየትኛው ወር ልጠይቅ?» ነው ጥያቄሽ።

እኔ በሦስቱም ወቅት ሄጃለሁ፤ በነሐሴ፣ በጥር እና በጥቅምት። መልሴን ላስቀድምልሽ፦ ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ሂዱ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ካልተመቸሽ ሁለተኛውን ምርጫ ራስሽ ማውጣት እንድትችይ።

ነገሩ ሁሉ ያለው ሣሩ ላይ ነው። ጭላዳን ሰው ዝንጀሮ ይለዋል እንጂ ከተራው ዝንጀሮ የተለየ ነው። ከወገኖቹ ዛሬ በሕይወት የቀረ እሱ ብቻ ነው፤ ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። ኑሮው እንደ ላም ሣር መጋጥ ነው። በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ እየነጨ፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ሣሩ ለምለም ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ሰዓት ሙሉ ይቀመጥልሻል። ሣሩ ሲደርቅ መሬት እየቆፈረ ሥር ወደ መብላት ይዞራል። ስለዚህ ዝናቡ መቼ ቆመ፣ ሣሩ እስከ መቼ ርጥብ ነው የሚለውን ካወቅሽ ወሩ ራሱ ይመጣልሻል።

ከነሐሴ ልጀምር። የሄድኩት በ2009 ነው። ጉዞውን ያዘጋጀልን ሰው «ክረምቱ ያን ያህል አያስቸግርም፣ ዋጋውም ቅናሽ አለው» አለን። ቅናሹ እውነት ነበር። ከፓርኩ መግቢያ ከተማ ከደባርቅ ከወጣን በኋላ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀረቀረ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ወርደን ገፋን። ፓርኩ ውስጥ ያለው ካምፕ ሳንቃበር ስንደርስ ካልሲዬ ሳይቀር ርሷል። ከዚያ ጉሙ ወረደ። ገደሉ የት እንዳለ የምናውቀው ከታች በሚመጣው ንፋስ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ፎቶ የሚነሳበት ገደል ለእኛ ነጭ ግድግዳ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ግን አንድ ነገር ገጠመን። በጉሙ ውስጥ እየሄድን ስካውታችን፣ አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ እጁን አነሳና ቆምን። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ብዙ ሴቶች ተሰብስበው ጎመን ሲቀነጥሱ የሚሰማውን ይመስላል። ጭርት፣ ጭርት፣ ጭርት። ከግራም ከቀኝም። ጉሙ ትንሽ ሳሳ ሲል ከፊት ለፊቴ፣ አራት ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ሣር ትነጫለች። የፀጉሯ ጫፍ ሁሉ የውሃ ጠብታ ይዟል። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሣሯ ተመለሰች። ሳናውቀው መንጋው መሀል ገብተን ነበር። አንድ ደቂቃም አልቆየ፣ ጉሙ ተመልሶ ዘጋብን። ከሦስት ቀን ጉዞ ያየሁት ይህን ነው። አልረሳውም፤ ግን የ12 ዓመት ልጅ ይዤ ለአንድ ደቂቃ ብዬ በዚያ ጭቃ አልሄድም። ሐምሌና ነሐሴን እርሺው።

ጥር ላይ የሄድኩት በ2011 ነው። ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ጠርቷል። ጨነቅ የሚባለው ሌላው ካምፕ ላይ ቆመሽ ታች ቆላው ድረስ ተራራ በተራራ ላይ ተደርድሮ ታያለሽ። መንገዱ ደረቅ ነው፣ መኪና አያስቸግርም። ለገጽታ ፎቶ እንደ ጥር የለም፤ «ከጥር ውጪ» ያለሽ ሰው ፎቶ አንሺ ይመስለኛል።

ብርዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳንቃበር 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ያልፋል። ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከድንኳኑ ውጪ የረሳሁት የውሃ ላስቲክ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። ጭላዳዎቹም እንደኛው ይበርዳቸዋል። የሚያድሩት ገደሉ ወገብ ላይ፣ ነብርና ጅብ የማይደርስበት ጠርዝ ላይ ተጣብቀው ነው። ፀሐይ ሳይሞቃቸው ወደ ላይ አይወጡም። እኛ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ስንጠብቅ፣ እነሱ የመጡት 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ከመጡ በኋላም ብዙ አልተቀመጡልንም። ሣሩ ገለባ ሆኗል፤ መሬት እየቧጨሩ ሥር እያወጡ፣ አፍንጫቸው አቧራ ለብሶ፣ ትንሽ ቆፍረው ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከኋላ ከኋላቸው ስንከተል ዋልን። የጅንባር ፏፏቴ ደግሞ ያ ትልቅ ገደል ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር።

ሌላው የጥር ጣጣ ጥምቀት ነው። ጎንደር ጥር 11ን የሚያክል በዓል የላትም። በዚያ ሰሞን አልጋም፣ የአውሮፕላን ትኬትም፣ የኪራይ መኪናም አንድ ላይ ይወደዳል፤ ተገኝቶ ነው እንግዲህ። ጥምቀትንም ጭላዳንም በአንድ ጉዞ የሚፈልግ ሰው ከወራት በፊት ይያዝ። ጭላዳን ብቻ የሚፈልግ ከጥር 8 እስከ 13 ያለውን ይዝለል።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ስላለው አጭር ላድርገው። አየሩ በጭጋግና በአቧራ ይደበዝዛል፣ ተራራው ቡናማ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ዝናብም ሊመጣ ይችላል። በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ውስጥ የተነሳውን እሳት ታስታውሻለሽ፤ ሄሊኮፕተር ሁሉ ከውጭ መጥቶ ነበር። ደረቅ ሣርና አስታ (የደጋው ቁጥቋጦ) ሲያዩት ደስ የሚል ቢሆንም ክብሪት ነው።

አሁን ወደ ጥቅምት። በዚያው እሳት ዓመት ማግስት፣ 2012 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሄድኩ። ዝናቡ አቁሟል፣ መሬቱ ግን ውሃ አልጨረሰም። ከደባርቅ እስከ ቡዪት ራስ ያለው የገብስ ማሳ ወደ ቢጫ መዞር ጀምሯል፤ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማሳው ዳር ተቀምጠዋል። የሚጠብቁት ከጭላዳ ነው። ገብስ ሲያገኝ ሣር ትዝ አይለውም። መንገድ ዳር አደይ አበባው ወደ ማለቁ ቢሆንም አለ። ስትራመጂ ጦስኙ ጫማሽ ሥር ይሸታል። አልፎ አልፎ የከሰለ የአስታ ግንድ ቆሞ፣ ከሥሩ ግን ሣሩ ጉልበት ደርሷል።

ሳንቃበር ካደርን በኋላ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገደሉ ጫፍ ሄደን ተቀመጥን። ከጫፉ አሥር ሜትር ያህል ገባ ብለን ነው የተቀመጥነው፤ ስካውቱ «መውጫቸውን አትዝጉባቸው» ስላለን። ብዙ አልጠበቅንም። መጀመሪያ የታየኝ እጅ ነው። ጥቁር ጣቶች የገደሉን ጫፍ ጨብጠው፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ የሁለት ዓይን ሽፋኖች። ወንዱ ወጥቶ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ተቀመጠ። ጎፈሬው ንፋስ ሲመታው ወርቅ ይመስላል። ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ቁስል ነው የሚመስለው። ከኋላው ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ኋላ ጥቃቅኖቹ እየተንጫጩ መጡ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሜዳው ሞላ። መቁጠር ጀምሬ ሰማንያ ላይ ተውኩት።

መጀመሪያ አይበሉም። አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ እየሞቁ ይቀማመላሉ። አንዷ ትጋደማለች፣ ሌላዋ ፀጉሯን ፈልቀቅ ፈልቀቅ እያደረገች ትፈትሻለች፤ ልክ ሹሩባ እንደሚሠራ ሰው። መሀል ላይ ወሬ አያቋርጡም። ድምፃቸው ቃል የሌለው የሰው ጨዋታ ነው። ሁለት ወንዶች ተፋጠጡና አንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ሮዝ ድዱንና ረጅም ክራንቻውን አሳየ። ሌላው ጥሎት ሄደ። ከዚያ ሁሉም ቁጭ ብለው መንጨት ጀመሩ። ሣሩ ጥሩ ስለነበር የትም አልሄዱም። እኛም የትም አልሄድንም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከተቀመጥንበት ሳንነሳ ነው ያየናቸው። በጥር ላብ እያጠመቀን ያሳደድናቸውን እንስሳት በጥቅምት ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን አየናቸው ማለት ነው።

ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ልጅ ለፎቶ ብሎ አራት ሰዓት አይራመድም። ቁጭ ብሎ ማየት ከቻለ ግን በዚያ ከፍታም ቢሆን አይሰለቸውም።

አሁን የትምህርት ቤቱ ጉዳይ። ጥቅምት ላይ ልጁን ከትምህርት ማስቀረት ካልፈለግሽ መስቀልን አስቢበት። መስከረም 17 መቼም ዝግ ነው። ከቅዳሜና እሁድ ጋር ከተጠጋ ሁለት ቀን ብቻ ፈቃድ ጠይቀሽ አራት አምስት ቀን ታገኛለሽ። ዝናቡ ግን ጨርሶ አይቆምም፤ ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት ሊያወርድባችሁ ይችላል። ችግር የለውም፣ የጭላዳ ጉዳይ የጠዋት ነው። የዝናብ ልብስ ያዙ፣ ከምሳ በኋላ ካምፕ አካባቢ ሁኑ። በዚያ ሰሞን የጅንባር ፏፏቴ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ በጥር ያንን አታገኙም። ሦስተኛ ምርጫሽ የሴሚስተር እረፍት ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ከሆነ የጥምቀቱ ግርግር አልፏል። ብርዱን ግን ቻሉት።

በየትኛውም ወር ብትሄዱ ሰዓቱን ካበላሻችሁት ወሩ አያድናችሁም። ብዙ ሰው ጎንደር ያድርና ጠዋት ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትሩን ነድቶ፣ ደባርቅ የፓርኩ ቢሮ መግቢያ ከፍሎ፣ ስካውት ይዞ፣ ሳንቃበር ሲደርስ 5 ሰዓት ይሆናል። ያኔ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ጫፍ ርቀው ተበትነዋል። ጀርባ ጀርባቸውን አይቶ ይመለሳል። ከዚያ «ያን ያህልም አይደለም» ይልሻል። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ እደሩ። 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለልጁም ሳንባ መለማመጃ ነው። ሁለተኛውን ሌሊት ፓርኩ ውስጥ። ራስ ምታት ከጀመረው ወደ ላይ አትቀጥሉ።

ፈቃዱ ጭራሽ ካልተሳካ አዲስ አበባን ሳትርቂም ጭላዳ አለ። ደብረ ሊባኖስ፣ ፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው አካባቢ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ ትችያለሽ። በቁጥር እንደ ሰሜን አትጠብቂ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ገደሉ ሥር ናቸው፣ አታገኚያቸውም። እኔ ግን ከሰሜን ቀጥሎ የምመርጠው ሰሜን ሸዋ ያለውን የደጋ ሣር ሜዳ፣ የመንዝ ጓሳን ነው። የመንዝ ሰው ያንን ሣር ለዘመናት በራሱ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ያቆየው ነው። ለጭላዳውም የተረፈው ለዚያ ነው። ዕድል ከቀናችሁ ቀይ ቀበሮው መንጋው መሀል ገብቶ አይጥ ሲያድን ታያላችሁ፤ ጭላዳዎቹ ዞር ብለው እንኳ አያዩትም። እዚያም ከዝናብ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው የሚሻሉት። ጉሙ ግን ከሰሜን ይብሳል።

ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ደግሞ ደባርቅ ወይም ጎንደር ያለ የምታውቂው ሰው ጋ ደውለሽ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሪ። ካላንደሩ ምንም ቢል ይሄ ይቀድማል። ደህና ነው ካላሉሽ ወደሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት አሳልፊው።

ለልጁ ሁለት ነገር ንገሪው። እጁ ላይ ብስኩት እንዳይታይ፣ ቁጭ ካለም ብድግ ብሎ እንዳይሮጥ። ከዚያ ውጪ ሥራው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ትንንሾቹ እየተሯሯጡ ራሳቸው ይጠጉታል። ጓንት አትርሺለት። እኔ ጥቅምት ነው ብዬ ንቄ ሄጄ የስካውቱን ተውሼ ነው የዋልኩት።