የትንሣኤ ሌሊት ጨረቃ ለምን ሙሉ አልሆነችም?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ፋሲካ ሙሉ ጨረቃን ተከትሎ እንደሚውል ሲነገር ሰምቻለሁ። በ2018 ዓ.ም. የትንሣኤ ሌሊት ግን ጨረቃ የወጣችው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያውም ጎድላ። የአባቶች ሒሳብ ተሳስቷል ማለት ነው? ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጨረቃን በዓይናቸው አይተው ወር ይይዛሉ፤ እኛስ ለምን አናይም? ደግሞ መንዝ ያሉት እናቴ አዲስ ጨረቃ ባዩ ቁጥር እጃቸውን ስመው ያማትባሉ። ይህ ኃጢአት ይሆንባቸዋል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ልጄ። አብዛኛው የሚመጣልኝ ጥያቄ ምን ይበላል፣ ምን አይበላም የሚል ነውና ያንቺ ደስ አሰኝቶኛል።

ያየሽው ትክክል ነው። በዚያ ዓመት ጨረቃ ሙሉ የሆነችው መጋቢት 24 ሊነጋጋ ሲል ነበር። ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 4 ነው፤ በመካከሉ ዐሥር ቀን አለ። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች። ሙሉ በሆነችበት ዕለት ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ከወጣች፣ ከዐሥር ቀን በኋላ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ ነው የምትወጣው።

የመዘግየቷ ምክንያት አካሄዷ ነው። ምድርን ስትዞር በአንድ ቀን 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ትርቃለች፤ ምድር በራሷ ዛቢያ ዞራ እንደገና ፊት ለፊቷ እስክትደርስ ያንን ትርፍ መንገድ መዞር አለባት። ብርሃኗም የራሷ አይደለም፣ ከፀሐይ የተቀበለችው ነው፤ መጽሐፈ ሄኖክም ይህንኑ ይናገራል። በሠርቋ (አዲስ በምትወለድበት) ዕለት ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ስለምትገባ አትታይም። በሁለተኛው ቀን ግድም ፀሐይ እንደገባች በምዕራብ በኩል ቀጭን ሆና ትታያለች፤ በእኛ አገር ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ በጀርባዋ የተንጋለለች ትመስላለች። ሳምንት ሲሞላት በቀትር ወጥታ፣ ምሽት 12 ሰዓት ላይ አናት ላይ ሆና፣ እኩለ ሌሊት ላይ ትገባለች። በ14 እና በ15 ፀሐይ ስትገባ ትወጣለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ትገባለች። በ22 ገደማ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ወጥታ በቀትር ትጠልቃለች። ጨረቃ የሌሊት ብቻ ናት የሚል ሰው በዚያን ሰሞን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ ቀና ይበል፤ ነጭ ሆና ያገኛታል።

አንቺ ያላየሻትን አዲስ ጨረቃ እናትሽ ቢያዩ አይግረምሽ። ሸዋ ሮቢት ከተራራው ግርጌ ናት፤ ምዕራቡ በደጋው ገደል የተጋረደ ስለሆነ ቀጭኗ ጨረቃ አድማሱ ላይ ሳትደርስ ከተራራው ጀርባ ትሰወራለች። መንዝ ግን ደጋው ሜዳ ነው፤ የምዕራቡ ሰማይ እስከ ታች ክፍት ነው። ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ለማየት ደግሞ ከአንኮበርና ከጣርማበር አፋፍ የሚሻል ቦታ አላውቅም፤ ከአፋር ቆላ ወዲያ ስትነሣ ከእግርሽ በታች የወጣች ነው የሚመስልሽ።

እኛ ለምን አናይም ላልሽው፣ የሚጋርደው ተራራው ብቻ አይደለም፤ በክረምት ሳምንቱን ሙሉ ሰማይ የማይታይበት ጊዜ አለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሃይማኖታቸው ሥርዓት በማየት ይይዛሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ በባሕረ ሐሳብ (በዘመን አቆጣጠር ሒሳብ) ትቆጥራለች፤ የዚህንም ቀመር ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ትሰጣለች። መሠረቱ ቀላል ነው። ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፣ የፀሐይ ዓመት 365፤ ልዩነቱ 11 ቀን ነው። በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ሁለቱ ተመልሰው ይገናኛሉ። ስለዚህ የ2018ን ብንወስድ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው 5500 ሲጨመር 7518 ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ ያለው ዓመት)፣ ለ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስንተው ወንበሩ (ከ19ኙ ዓመት ዙር ያለፈው) 12። በ11 ሲባዛ 132፣ በሠላሳ በሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴው (ዓመቱ ሲገባ የተረፈው የጨረቃ ዕድሜ) 12። 30 ለመሙላት የቀረው፣ መጥቅዑ፣ 18 ነው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ 30 ይሞላሉ። መጋቢት 28 የጨረቃ ስንተኛ ቀን ነው ብትይ፣ አበቅቴ 12፣ የመጋቢት ሕጸጽ (የጨረቃ ወራት ከሠላሳ ቀን ያጎደሉት) 4፣ ዕለቱ 28፤ ድምሩ 44፣ ሠላሳው ሲገደፍ 14። በጨረቃ 14 የሚውለው የፍስሕ (የኦሪት ፋሲካ) ዕለት እርሱ ነው። ሰኞ ስለዋለ ትንሣኤ እሑድ ሚያዝያ 4 ሆነ።

እንግዲህ ሒሳቡ መጋቢት 28 ይላል፣ ሰማዩ መጋቢት 24። ይህ ልዩነት የለም ብዬ አልክድም፤ ሲጠየቁ የሚቆጡ መምህራንም አይመቹኝም። በ19 ዓመት ውስጥ ያሉት 235 የጨረቃ ወራት ከ19ኙ የፀሐይ ዓመታት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያንሳሉ። ለአንድ ሰው ዕድሜ ምንም አይደለም፤ በ300 ዓመት ግን አንድ ቀን ይሆናል። ቀመሩ ከወጣ ከ1600 ዓመት በላይ ስላለፈ አሁን አራት ወይም አምስት ቀን ደርሷል። እኔ ስሕተት አልለውም። አባቶች የፈለጉት ከፍስሕ በኋላ ባለው እሑድ ሁሉም በአንድ ቀን ትንሣኤን እንዲያከብር ነው እንጂ ጨረቃዋን ሊያከብሩ አይደለም። የመንዝ ገበሬና የኢየሩሳሌም ዴር ሡልጣን መነኩሴ መልእክተኛ ሳይጠባበቁ በአንድ ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ» የሚሉት በዚህ ነው።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ጻድቁ ኢዮብ በምዕራፍ 31 ላይ፣ ጨረቃ በክብር ስትሄድ አይቼ ልቤ በስውር ተታልሎ እጄን ስሜ እንደሆነ እግዚአብሔርን በካድሁ ነበር ይላል። ቃሉ ከባድ ነው፤ ግን እናትሽ ላይ ከመጣልሽ በፊት ምን እያሉ እንደሚያማትቡ ጠይቂያቸው። «ለዚህ ወር ያደረስከኝ ተመስገን» ካሉ ምስጋናው የደረሰው ለፈጣሪዋ ነውና አትንኪያቸው። ጨረቃዋን ራሷን «ይህን ስጪኝ፣ ያንን አርቂልኝ» የሚሉ ከሆነ ግን በትሕትና ንገሪያቸው፣ ወይም ለነፍስ አባታቸው ተዪው፤ ልጅ እናቱን ባደባባይ አያርምም። እንጨት በጨረቃ አይቆረጥም፣ ነቀዝ ይበላዋል የሚባለው ደግሞ የግብርና ባለሙያ ጥያቄ ነው፤ ሃይማኖት የለበትም።

የ2019 አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7 ነው። ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ (የመለከት በዓል) በጥቅምት ይውላል። ጥቅምት 7 ቀኑ ምን እንደሚሆን አይተሽ፣ የዕለቱን ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበውን ተጨማሪ ቁጥር) ጨምረሽ የነነዌ ጾም የሚገባበትን ቀን አውጪና ላኪልኝ፤ አርሜ እመልስልሻለሁ።