«አንድ ቀን አልታሰርኩም» አያድንም

ወንድሜ፣ የዛሬ 12 ዓመት ሜሪላንድ ውስጥ በድብድብ ተከሰህ ፕሮቤሽን (ከእስር ይልቅ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር መቆየት) ጨርሰሃል፤ አንድ ቀን አልታሰርክም። አሁን ቨርጂንያ ለከፈትከው ሱቅ ሽጉጥ መግዛት እንደምትችል ጠይቀሃል። እኔም ያለፍኩበት ስለሆነ ልንገርህ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ለጠበቃ ከፍዬ የሰማሁትን ነው የማካፍልህ።

እኔ የተጣላሁት እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ለማይረባ ነገር። አንድ ቡጢ ሰነዘርኩ። ጠበቃዬ «ጥፋተኛ ነኝ በልና በፕሮቤሽን ውጣ» አለኝ። አልኩ፣ ወጣሁ፣ ረሳሁት።

ከዓመታት በኋላ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ሱቅ ስከፍት ሽጉጥ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ ፎርም 4473ን፣ መሣሪያ ገዢ የሚሞላውን የፌዴራል ቅጽ፣ ሰጠኝ። ስሜንና አድራሻዬን ሞልቼ አንድ ጥያቄ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ዳኛው ከአንድ ዓመት በላይ ሊያስርህ በሚችልበት ወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ ይላል። የተሰጠህ ቅጣት ያነሰ ቢሆን፣ ፕሮቤሽን ብቻ ቢሆንም ይቆጠራል። «አይ» ብዬ ብፈርም ውሸቱ ራሱ ሌላ የፌዴራል ወንጀል ነው። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፌዴራሉ ሕግ የሚያየው የተፈረደብህን ሳይሆን ሊፈረድብህ ይችል የነበረውን ነው። ሁለተኛ ደረጃ አሶልት (ድብደባ) ሜሪላንድ ውስጥ ስሙ ሚስዲሚነር፣ ማለትም ቀላል ወንጀል ነው፤ የቅጣቱ ጣሪያ ግን 10 ዓመት። ፌዴራሉ የሚያልፈው ጣሪያው ከ2 ዓመት ያልበለጠ የስቴት ሚስዲሚነርን ነው። ቨርጂንያ ግን ተራ አሶልት እስከ 12 ወር ነው የሚያሳስረው። ያችኑ ቡጢ የፖቶማክን ወንዝ ወደ ቨርጂንያ ተሻግሬ ብሰነዝራት ኖሮ ዛሬ ባልተከለከልኩ ነበር። እስካሁን ያናድደኛል! ጠቡ ከሚስት ጋር ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ከ1996 ወዲህ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደ ትንሽ ሚስዲሚነርም ይከለክላል።

«በሚስትህ ስም ግዛ» ያሉኝም ነበሩ። እንዳትሞክራት። ለአንተ ገዝታ ፎርሙ ላይ «ለራሴ ነው» ካለች እሷም ትከሰሳለች። ካንተ ካውንተር ሥር ከተገኘ ደግሞ የተከለከለ ሰው መሣሪያ ይዞ መገኘት እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ግሪን ካርድ ላይ ከሆንክማ ጭራሽ፣ የመሣሪያ ወንጀል ከአገር ያስባርራል።

መጀመሪያ ከፈረደብህ ፍርድ ቤት የመዝገብህን ግልባጭ አውጣ። በየትኛው አንቀጽ እንደተፈረደብህ እይ፤ በትዝታ አትመን። ፍርዱ ሳይመዘገብ የተሰጠ ፕሮቤሽን ከሆነ ነገሩ ሊለወጥ ስለሚችል ወረቀቱን ለጠበቃ አሳይ። መፍትሔው ያለው እዚያው ሜሪላንድ ነው፤ መዝገቡን ማሰረዝ ወይም የገዢውን ምሕረት መጠየቅ። የቨርጂንያ ፍርድ ቤት የሜሪላንድን ፍርድ አያነሳልህም።

የእኔ ማመልከቻ ገብቷል። እስከዚያው አራት ካሜራ አስገጥሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ እዘጋለሁ።